አራተኛው የጥርስ ብሩሽ

"ዞር በል፤ ጀርባህ ይቀራል" አለ ዘበኛው፣ የውሃውን ጎማ እንደ ጠመንጃ ደግኖ።

ጋሽ ፍሬን ቁምጣቸውን በአንድ እጃቸው ያዝ አድርገው ዞሩ። ውሃው ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ "ወይኔ!" ብለው ወደፊት ተስፈነጠሩ። የአውቶቡስ ጋራዡ እጥበት ቦታ ለአውቶቡስ እንጂ ለሰው ገላ አልተሠራም። ውሃው ከመቀዝቀዙም በላይ ግፊቱ የደረቀ ጭቃ ከጎማ ላይ ይነቅላል። ወለሉ ደግሞ የዘይትና የናፍጣ ማደሪያ ስለሆነ እግሩን አፍታትቶ የቆመ ሰው መዘረሩ አይቀርም። ከጎናቸው ተራውን የሚጠብቅ አንድ አሮጌ አውቶቡስ በሁለት መብራቶቹ አፍጥጦ ያያቸዋል።

"ቀስ በል እንጂ አንተ! ሰው እኮ ነኝ።"

"ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ሲታጠብ አይቻለሁ" አለ ዘበኛው እየሳቀ። "ሹፌር ሳጥብ ግን ካንተ ነው የጀመርኩት። ፎጣህን እንካ፤ ብርድ ይዞህ በኋላ መዘዝ እንዳታመጣብኝ።"

ጋሽ ፍሬን የሚለው ስም ከዚሁ ጋራዥ የወጣ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ዶሮ መንገድ ብታቋርጥ እንኳ ፍሬን የሚይዙ ሰው ነበሩ። የቆመው ተሳፋሪ እየተንገዳገደ ይራገማል፣ የተቀመጠው ይስቃል፣ እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ሳይገጩ ጡረታ ወጡ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም አሁን የሚያስታውሰው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው።

ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ዘበኛው ቤት ገቡ። መስኮቱ ላይ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ የጥርስ ብሩሻቸው፣ የሳሙና ቁራጭና ምላጫቸው ተቀምጠዋል። ከጎኑ የሚላጩበት ትንሽ መስታወት ተደግፏል። ብሩሹን አንስተው ጥርሳቸውን እየፋቁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተፉ።

"ይኼን ቆርቆሮ ሚስቴ ብታየው ሌላ ትዳር መሠረተ ብላ ጉድ ታፈላለች" አለ ዘበኛው። "ዛሬ ነው አይደል የሚመጡባችሁ?"

"ዛሬ ነው። ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ልጄ ፏ ብለህ ጠብቀኝ ብሎኛል።"

"አንድ ነገር ግን አልገባኝም" አለ ዘበኛው ጎማውን እየጠቀለለ። "እናንተ ቤት ውሃ ትቆጥባላችሁ። ጥሩ። አንተ ደግሞ እዚህ እየመጣህ ትታጠባለህ። ይኼ የኛ ውሃ ከሌላ ዓለም ነው እንዴ የሚመጣው?"

"እና ከየት ነው?"

"ያው ከእናንተው ቧንቧ ነዋ! ውሃው ያው ውሃ ነው። የተለየው ቆጣሪው ነው።"

ጋሽ ፍሬን አፋቸውን ተጉመጠመጡና ሳቁ። ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም፤ በልባቸውም ብዙ ጊዜ ያመላለሱት ነው። ግን ሰው ለቤተሰቡ አንድ ነገር አደረግኩ ብሎ ደስ ሲለው ደስታውን ፈልፍሎ ማየት አይወድም።

"አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ። ልጄ ያውቃል፤ የተማረ ሰው ነው።"

"ሴቷ ልጅህስ? ወስጄ እኔ ጋ ይኑር ስትል አልነበር?"

የጋሽ ፍሬን ፊት ፈካ አለ። ይህን ጥያቄ ሰው በጠየቃቸው ቁጥር ደስ ይላቸዋል።

"አሁንም ትደውላለች። እሱ ግን እንቢ አላት! 'አባዬ ከኔ ጋር ነው፣ የትም አይሄድም' ነው ያላት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ክርክር ሲያበዛባት ስልኩን ዘጋችው።"

"የታደልክ ነህ" አለ ዘበኛው፣ ቀልዱን ትቶ። "የኛዎቹ እኮ 'ማን ይውሰዳቸው' ብለው ነው የሚጣሉት።"

ጋሽ ፍሬን ኮሌታቸውን አስተካክለው ወጡ። የሚሄዱበት አውቶቡስ ሹፌር ወጣት ነው፤ በየማቆሚያው ላይ ፍሬኑን ሲረግጥ እሳቸውም መቀመጫቸው ላይ ሆነው ቀኝ እግራቸውን አብረው ይረግጣሉ።

ነገሩ የተጀመረው የሚኖሩበት ሕንፃ የነዋሪዎች ማኅበር ውድድር ያወጣ ጊዜ ነው። በነፍስ ወከፍ ከሁሉም ያነሰ ውሃና መብራት የተጠቀመ ቤተሰብ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ይሸለማል። የቤቱ ጠቅላላ ፍጆታ በነዋሪው ቁጥር ይካፈልና ትንሹ ያሸንፋል። ልጃቸው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ገና ያልደረሰ አደጋ ሲያሰላ የሚውል ሰው ስለሆነ ነገሩ ከሙያው ጋር ገጠመለት። ከአንድ ሥልጠና ላይ ደግሞ ምድር እየተሟጠጠች መሆኗን ሰምቶ መጥቷል።

"ሁሉን እኛ ከጨረስነው ለዚህች ልጅ ምን እናተርፍላታለን?" ይላል ማታ ማታ፣ የትንሿን ሴት ልጁን ራስ እየዳበሰ።

ጋሽ ፍሬን በዚህ አይጣሉትም። ብክነት ሲያዩ እሳቸውም ያማቸዋል፤ አንድ ኮት ለብሰው ነው የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት። ኮሪደሩ ላይ መብራት አይበራም ሲባል "እሰይ" አሉ። ሻይ ጠዋት አንዴ ተፈልቶ በፔርሙዝ ይዋል ሲባልም፣ የእጅ መታጠቢያው ውሃ በባልዲ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤት ይሁን ሲባልም እንዲሁ። ማታ ቤተሰቡ በአንድ አምፖል ሥር ሲሰበሰብ እንዲያውም ወደዱት፤ ጋዜጣ ማንበብ ባይችሉም የሰው ድምፅ ይሰማሉ። ሚስታቸው ከሞተች፣ ቤታቸውም ከተሸጠ ወዲህ የሰው ድምፅ ርቧቸው ነበር።

ችግሩ ሻወሩ ላይ መጣ። ልጃቸው "ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ ራሱን አይቆጣጠርም" ብሎ የውሃውን ዋና መዝጊያ ከመታጠቢያ ቤቱ አውጥቶ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አስተከለ፤ ውስጥ መክፈቻው ብቻ ቀረ። ሰዓት የመያዙን ሥልጣን ደግሞ ለልጁ ሰጣት። ልጅቷ ሥራዋን አክብራ ያዘች። ጋሽ ፍሬን በአውቶቡስ ዘመናቸው ቲኬት የሚፈትሹትን ሰዎች አስታወሱና ተቆጣጣሪዋ አሏት፤ እሷም ስሙን ወደደችው።

አንድ ቀን ማታ ራሳቸውን ሳሙና መትተው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በሩ ተንኳኳ።

"አያዬ፣ ሰዓትህ አልቋል!"

"አንዴ ልጄ፣ አንዴ! ሳሙና ነኝ!"

"ደንብ ነው እኮ አያዬ። ትናንትም አሳልፈሃል።"

"ዓይኔ ውስጥ ገብቷል እንዳትዘጊ..."

ውሃው ቆመ። ጋሽ ፍሬን ዓይናቸው እየተቃጠለ፣ አረፋ እንደለበሱ ጨለማ ውስጥ ቆሙ። ልጃቸው ይሰማ እንደሆነ ብለው ስሙን ጠሩት። ከሳሎን ሆኖ "አባዬ ምንም አይልህም፣ በፎጣ ጥረገው! ነገ ትለቀለቃለህ" አላቸው። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። በፎጣ ጠረጉት። ራት ሲቀርብ ሳሙናው ገላቸው ላይ እየደረቀ ያሳክካቸዋል፤ ሰው ፊት ማከክ አፍረው በወንበሩ መደገፊያ ጀርባቸውን ቀስ እያሉ ፈተጉ። ማንም ልብ አላላቸውም።

በዚያው ሳምንት የልጃቸው አለቃ ከነባለቤቱ ተጋበዘ። ቤቱ በመብራት ተንቆጠቆጠ። አለቅየው እጁን ለመታጠብ ገብቶ ሙቅ ውሃውን ሲያንዠቀዥቀው እንፋሎቱ በበሩ ሥር ወጣ። ጋሽ ፍሬን ወደ ተቆጣጣሪዋ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "ይኼስ አይዘጋም?" አሏት።

"አያዬ ደግሞ!" አለች በድንቁርናቸው ተገርማ። "እንግዳ ናቸው እኮ። ለእንግዳ ደንብ የለም።"

ከዚያ በኋላ ነው እግራቸው ወደ ጋራዡ የመራቸው። መጀመሪያ ገላቸውን ብቻ ታጥበው ይመለሱ ነበር። ኋላ መላጨቱም፣ ጥርስ መፋቁም፣ ስልካቸውን መሙላቱም እዚያው ሆነ። ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለሱ የሚለቁት ውሃ እንዳያስወቅሳቸው ማታ ማታ ምንም መጠጣት ተዉ። ቀን ቀን ዘበኛው ቤት ይውላሉ። የወሩ ቆጣሪ ሲነበብ ልጃቸው ራት ላይ ተነስቶ አጨበጨበላቸው።

"አባዬን እዩት! ከሁላችንም የበለጠው እሱ ነው። ከሱ ተማሩ።"

ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ካረጁ ወዲህ ከሱ ተማሩ የተባሉበት ቀን አልነበረም። የት እንደሚታጠቡ የጠየቃቸው ሰው ባይኖርም ይህን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠሩትም።

ዛሬ ከቀጠሮው ቀደም ብለው ደረሱ። በራቸውን በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ገቡ። ኮሪደሩ እንደ ደንቡ ጨለማ ነው። እሳቸውም እንደ ደንቡ መብራቱን ሳያበሩ፣ ወለሉ እንዳይቆሽሽና ለማጠቢያ ውሃ እንዳይፈጅ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ከወጥ ቤት የምራታቸው ድምፅ ይሰማል።

"እህትህ ዛሬም ደውላ ነበር። ምን ልበላት? ሰለቸኝ እኮ።"

"ትንሽ ታገሺ በያት" አለ ልጃቸው።

ጋሽ ፍሬን ፈገግ አሉ። ለዘበኛው የሚነግሩት ሌላ ወሬ ተገኘ።

"እስከ መቼ?"

"እስከ ውጤቱ ነዋ! አባዬ አሁን ከሄደ ለሦስት ነው የምንካፈለው። ለሦስት ከተካፈልን ያ ተፎካካሪያችን የጥርስ ሐኪም ይበልጠናል። አስልቼዋለሁ።"

"እሱስ ልክ ነህ..."

"አስቢው እስቲ። ቀን ቀን የለም። ውሃ አይነካ፣ መብራት አይነካ። ቁጥራችንን አራት ያደርገዋል፣ ቆጣሪው ላይ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?"

ምራታቸው ሳህን ስትደረድር ተሰማ። "ያሳዝናል ግን" አለች።

"ምኑ ነው የሚያሳዝነው? እሱም ደስ ብሎታል። ውጤቱ ይነገርና ትውሰደው። ክፍሉንም ለልጅቷ ማጥኛ እናደርገዋለን፤ በዚያ ላይ የቀን ብርሃን አለው፣ አምፖል አይፈልግም።"

ጋሽ ፍሬን ጫማቸውን እንደታቀፉ ቆመው ቀሩ። በግራ እጃቸው ግድግዳውን ሲደግፉ ጣታቸው የውሃውን መዝጊያ ነካ። የተሰማቸው ንዴት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ሰው ሊሰማው የማይገባውን ሲያዳምጥ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ያህል አፈሩ። ቀጥሎ ደግሞ ለዘበኛው የነገሩት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አላቸው፤ "አባዬ የትም አይሄድም" ያሉት፣ ደረታቸውን ነፍተው የሳቁት፣ ያ ምስኪን የታደልክ ነህ ያላቸው።

ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሄደው በሩን ከፈቱ፣ ወጡ፣ ዘጉት። ደረጃው ላይ ጫማቸውን አጠለቁ። ማሰሪያው እንቢ አላቸው፤ እንዳለ ተዉት። ከዚያ እየሳሉ፣ ቁልፉን እያንቃጨሉ እንደ አዲስ ገቡ።

"አባዬ መጣህ?" ልጃቸው ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ በሩቁ አያቸው። "ኧረ ሙሽራ መስለሃል! ና ግባ፣ ሊመጡ ነው።"

"መጣሁ ልጄ" አሉ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነች፤ ሕንፃው በሙሉ ሲስተር ይላታል። ሲስተር ስትመጣ የጥርስ ሐኪሙን አስከትላ ነው። ተፎካካሪ ተፎካካሪውን እንዲያይ ማኅበሩ ደንግጓል፤ ምክንያቱም ሦስተኛ ፎቅ ያለው ቤተሰብ ከሞተ የቆየ አጎቱን ቆጥሮ ተገኝቷል። የጥርስ ሐኪሙ ገና ከመግባቱ ጣራውን፣ አምፖሉን፣ ማቀዝቀዣውን በዓይኑ ፈተሸ። ልጃቸው እየዞረ ያስረዳል፦ ባልዲው ለዚህ፣ ፔርሙዙ ለዚያ። ተቆጣጣሪዋ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች የረሳውን ትሞላለች። የሻወሩን መዝጊያ ሲያሳዩአት ሲስተር ቅንድቧን አነሳች።

"ከውጭ ነው የሚዘጋው? ውስጥ ሰው እያለ?"

"ተስማምተንበት ነው" አለ ልጃቸው። "አባዬ ራሱ ምን ያህል እንደተለወጠ ቢያዩ!"

የጥርስ ሐኪሙ መታጠቢያ ቤት ገባና ወዲያው አልወጣም። ሲወጣ የብሩሽ መያዣውን ብርጭቆ በእጁ ይዟል።

"ስንት ናችሁ ነው ያላችሁት?"

"አራት" አለ ልጃቸው።

"እዚህ ያለው ሦስት የጥርስ ብሩሽ ነው። እኔ መቼም ሌላ ነገር ላላይ እችላለሁ፣ ብሩሽ ግን አያመልጠኝም። አራተኛው የት አለ?"

ምራታቸው ባሏን አየችው፤ እሱ ብርጭቆውን አየ። አራተኛው ብሩሽ የት እንደሄደ በእውነት አያውቁም ነበር።

"ፎጣውም ያው ነው" አለ የጥርስ ሐኪሙ። "ሦስቱ እርጥብ ነው። አራተኛው እንደ ካርቶን ደርቋል። መላጫ የለም። እና ይኼ ሰው በምን ይላጫል? በጥፍሩ?"

ሲስተር ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። አልጋው ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ የራስ ቅርጽ እንኳ የለም። ስልክ መሙያ የለም፣ ውሃ የሚጠጣበት ብርጭቆ የለም፣ አምፖሉ ከመያዣው ወጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጋሽ ፍሬን በሩ ላይ ሆነው ክፍሉን በሷ ዓይን አዩት። እውነትም ማንም አይኖርበትም። በራሳቸው እጅ ጥቂት በጥቂት ራሳቸውን ከዚህ ቤት ጠርገው አውጥተዋል፤ እዚህ ናቸው የሚል ምስክር አንድም አላስቀሩም።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች ሲስተር ለልጃቸው፣ "ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያየነውን አይታችኋል። ስማቸው ብቻ ነው ወይስ እሳቸውም አሉ?"

"እንዴት ነው ይኼ! አባቴ ነው! እዚሁ ነው የሚያድረው!" ልጃቸው ፊቱ ቀላ። "አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!"

"እዚህ ነው የሚኖረው!" ተቆጣጣሪዋ ልታለቅስ ደረሰች። "እኔ ነኝ ሰዓት የምይዝለት! በፊት ነው እንጂ፣ አሁን እኮ አይታጠብም!"

የጥርስ ሐኪሙ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሲስተር ግን አልሳቀችም። ወደ ጋሽ ፍሬን ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አባቴ፣ እርስዎ ይንገሩን። እዚህ ነው የሚኖሩት?"

ሁሉም ከአፋቸው የሚወጣውን ጠበቁ። ልጃቸው እጆቹን አቆላልፎ እንደ ተማሪ ቆሟል፤ ትንሽ እያለ አንድ ነገር ሲፈልግ እንዲህ ነበር የሚቆመው። አሳዘናቸው። አንድ ቃል ነው የፈለገው፤ "አዎ" ቢሉ ውሸት አይሆንባቸውም፣ አልጋው አለ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። አዎ ካሉ ደግሞ እስከ ውጤቱ ድረስ የዚህ ቤት አራተኛ ሆነው ይቆያሉ። በየቀኑ ጋራዥ ይወርዳሉ፣ ማታ ይጨበጨብላቸዋል፣ አንድ ቀን ማሞቂያው ይመጣል፣ በማግስቱም ጓዛቸው ይታሰራል። ይህን አሁን ያውቃሉ። ማወቃቸውን ግን ከሳቸው በቀር ማንም አያውቅም።

"የለም" አሉ። "እኔ እንግዳ ነኝ።"

"አባዬ!"

"ሴቷ ልጄ ጋ እየሄድኩ ነው። መንገዴን አቋርጬ ነው እንጂ..." ኮሌታቸውን አስተካከሉ። "ልጄ መቼም ደግ ነው፣ ቁጠሩልኝ ያለው እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። እናንተ ግን ሦስት ናቸው በሉ።"

የጥርስ ሐኪሙ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምራታቸው አንገቷን ደፋች፤ ከወጥ ቤቱ ንግግር የሰሙት ነገር እንዳለ የገባት እሷ ብቻ ትመስላለች። "ምን ሆነህ ነው? ምን አደረግንህ?" አለ ልጃቸው፤ በእውነት የጠየቀ ሰው ድምፅ ነበረው። ይህ ከሁሉም በላይ መረራቸው።

"ምንም አላደረጋችሁኝም" አሉ።

ዞር ብለው ተቆጣጣሪዋን ፈለጉ። ግድግዳው ጥግ ቆማ እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

"ነይ እስቲ። ለእንግዳ ደንብ የለም አላልሽኝም?"

ልጅቷ አባቷን አየች፣ ቀጥሎም እሳቸውን። "ብያለሁ" አለች ቀስ ብላ።

"እንግዲያው ፎጣ አምጪልኝ። ገላዬን ልታጠብ ነው።"

ፎጣውን አመጣችላቸው፤ ያው እንደ ካርቶን የደረቀው ነው። ጋሽ ፍሬን መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ጠዋት ጋራዥ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ፏ ብለው ነው የመጡት፤ ገላቸው ላይ የሚታጠብ አንዳች እድፍ አልነበረም። ልብሳቸውን አውልቀው ሰቀሉ። ሙቁን ውሃ እስከ ጥጉ ከፈቱት።

እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። ሙቅ ውሃ ትከሻቸው ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚያደርግ ረስተውት ነበር፤ በውሃው ድምፅ ተከልለው ትንሽ አለቀሱ። ከበሩ ማዶ ኮቴ ተሰማ። የልጃቸው ኮቴ ነው፤ ሕፃን ሆኖ ከተራመደበት ቀን ጀምሮ ያውቁታል። መጥቶ መዝጊያው ዘንድ ቆመ። ሳሎን ውስጥ ሲስተር ገና አልሄደችም፤ ከምራታቸው ጋር ስታወራ ይሰማል።

ጋሽ ፍሬን ሳሙናውን እንደያዙ ጠበቁ። ሰው ፊት እንግዳ ላይ ውሃ አይዘጋም። ኮቴው ትንሽ ቆመና ተመለሰ፤ ውሃው እንደፈሰሰ ቀረ።

ያኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ሳሙና መቱ።